አልጋ በሌሊት ወይስ ቤት በወር? ደብረ ብርሃንና አንኮበር የማያውቁት ደንበኛ

በደብረ ብርሃን አውራ ጎዳና ላይ አልጋ የሚያከራይ ነጋዴ ሁሉ አንድ የታወቀ ደንበኛ አለው። ማታ ደርሶ፣ ራቱን በልቶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ስቦ የሚተኛና ጠዋት ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ ነው። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ 130 ኪ.ሜ. ያህል ርቀት ላይ መገኘቷ ለዚህ ንግድ መልካምም ክፉም ሆኖባታል። መልካምነቱ መንገዱ ክፍት በሆነበት ዘመን መንገደኛው አይጠፋም። ክፋቱ ደግሞ መንገደኛው የቱን ያህል ቢበዛ የሚያወጣው ገንዘብ ከራት፣ ከአልጋና ከቁርስ አያልፍም። ባለሀብቱም ይህንኑ አይቶ ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ አልጋ የሚለውን ያንኑ ፕላን ደጋግሞ ያሠራል።

በሌላው ዓለም ግን ሌላ ዓይነት ደንበኛ ከመጣ ሰንበትበት ብሏል። ላፕቶፑን ይዞ የሚዞር፣ አሠሪው በአንድ አገር እሱ በሌላ አገር ሆነው የሚሠራ ሰው ነው። ፈረንጆች ይህን ሰው በዘላን ስም ይጠሩታል። በእኛ አገር ዘላን የሚለው ቃል ከተሜው የሚሰድብበት ቃል ሆኖ ስለኖረ ደንበኛን በዚህ ስም መጥራት ለንግድ አይበጅም፤ ከአንኮበር ገደል በታች ያለው የአፋር አርብቶ አደር ሕፃን በግመል ላይ ጭኖ በዝግታ መጓዝን ከማንም በፊት የሚያውቅ ቢሆንም ቅሉ። ኢስቶኒያና ሞሪሸስ በ2020 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ሰዎች የተለየ ቪዛ ከፈቱ። ናሚቢያ በ2022፣ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2024 ተከተሏቸው። አገሮቹ ይህን ያደረጉት ለእንግዳ ካላቸው ፍቅር አይደለም። ደመወዙን ከውጭ አምጥቶ በአገር ውስጥ የሚበላ፣ የማንንም የሥራ ቦታ የማይሻማ ሰው ስለሆነ ነው።

ከእነዚህ መካከል ለሰሜን ሸዋ ነጋዴ ይበልጥ የሚስማማው ብቻውን የሚዞረው ወጣት ሳይሆን ሕፃን የታቀፈው ቤተሰብ ነው። ነገሩ ግራ ሊመስል ይችላል። ሕፃን ያለው ሰው ቤቱ ይቀመጣል እንጂ የት ይሄዳል ይባላል። ይሁን እንጂ ሕፃን ያለው ሰው ከሄደ ቶሎ አይመለስም፤ ቁም ነገሩም ይኸው ነው። ብቸኛው ወጣት በሁለት ቀን አንኮበርን አይቶ ፎቶግራፍ አንስቶ ይመለሳል። ሕፃን የያዘች እናት ግን ዕቃ መሸከፍና መፍታት ብቻውን አንድ ቀን ይፈጅባታል። ስለዚህ አንድ ቦታ ከደረሰች ወር ሙሉ መቀመጥ ትፈልጋለች።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ክፍል 30 ሌሊት ለ30 ሰው ቢከራይ አንሶላው 30 ጊዜ ይታጠባል፣ መዝገቡ 30 ጊዜ ይሞላል፣ በዚያም ላይ ባዶውን የሚያድርበት ሌሊት አይጠፋም። ያው ክፍል ለአንድ ቤተሰብ ለ30 ሌሊት ቢሰጥ አንሶላው አራት ወይም አምስት ጊዜ ቢታጠብ ነው፤ ባዶ ሌሊትም የለም። የወሩ ኪራይ የሌሊቱ ዋጋ በ30 ተባዝቶ ከሚሰጠው ብዙ ቢያንስም አከራዩ ላይጎዳ ይችላል። ከኪራዩ ውጭ ያለው ወጪ ደግሞ ሆቴሉ ውስጥ አይቀርም። ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ የታሸገ ውኃ፣ ሳሙና፣ የልብስ አጣቢ ደመወዝ፣ የሞግዚት ደመወዝ እያለ ወደ ጉልቱና ወደ ሱቁ ይወርዳል። መንገደኛው ለቢራ የሚያወጣውን ቤተሰቡ ለባለጉልቷ ያወጣል ማለት ነው። (በከተማይቱ ሁለት የቢራ ፋብሪካዎች ስላሉ ይህን የሚጠላ ሰው መኖሩ አይቀርም።)

ይህ ቤተሰብ ማነው? ከየት ይመጣል? የሩቅ አገር ፈረንጅ ከመጠበቅ በፊት በቅርብ ያለውን ማየት ይበጃል። ዛሬ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም የሚወልዱ ኢትዮጵያውያን ልማድ ይታወቃል። አያት ቪዛ ተጠይቆላት፣ በርበሬና ሽሮ ተሸክማ፣ አራስ ልትንከባከብ ትሄዳለች። የቲኬቱም የኑሮውም ወጪ እዚያው በዶላር ይወጣል። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ግን ብዙ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ከቤቱ እንዲሠራ ስለፈቀደ ነገሩን መገልበጥ የሚቻልበት ጊዜ መጥቷል። አያት ከምትሄድ ልጅና የልጅ ልጅ ቢመጡስ? ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን አገር ቤት ክርስትና ለማስነሳት የሚመኝ ዲያስፖራ ጥቂት አይደለም። ቤተሰቡ ደብረ ብርሃን ወይም ጫጫ ወይም አንኮበር የሆነ ሰው ክርስትናውን አድርሶ በሳምንቱ ከሚመለስ ይልቅ ሁለት ሦስት ወር እየሠራ ሊቆይ ይችላል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ቢጫ ካርድ የያዘ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የመግቢያ ቪዛም የሥራ ፈቃድም አይጠየቅም። የውጭ ዜጋው ግን በኢንተርኔት የሚያገኘው የቱሪስት ቪዛ 30 ወይም 90 ቀን ነው። በውጭ አገር ላለ አሠሪ ደብረ ብርሃን ሶፋ ላይ ተቀምጦ መሥራት ደግሞ የቱሪስት ቪዛ ሲወጠን የታሰበ ነገር አይመስልም። ከስድስት ወር በላይ ለመቆየት የሚያስብም ቢሆን በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የተቀመጠ ሰው የአገሪቱ ነዋሪ ተብሎ እንደሚቆጠር ቀድሞ ቢያውቀው ይሻለዋል።

የውጭ ምንዛሪው በኩል ከቀድሞው ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው መመሪያ በአገር ውስጥ የሚኖር ሰው ከውጭ የሚላክለትንና በውጭ ገንዘብ የሚከፈለውን ደመወዝ የሚያስቀምጥበት የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲከፍት ተፈቀደ። ይህ አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ፕሮግራም የሚጽፈውን፣ ሒሳብ የሚሠራውንና የሚተረጉመውን ወጣትም ይመለከታል። ይህ ወጣት አግብቶ ሲወልድ፣ የአዲስ አበባ ኪራይ ሲያስመርረው፣ ደብረ ብርሃን ሁለት ወር ልቀመጥ ቢል የሚያግደው ምንድነው? የሚያግደው ብዙ ነው።

በመጀመሪያ ሰዓቱ። በርሊንና ስቶክሆልም ከኢትዮጵያ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ብቻ ወደኋላ ስለሆኑ ለእነሱ የሚሠራ ሰው ቀን ሠርቶ ማታ ይተኛል። የዋሽንግተኑ ግን እንዲህ አይደለም። እዚያ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ወይም 11 ሰዓት ነው። ሥራው የሚያልቀው ከሌሊቱ በ6 ወይም በ7 ሰዓት ይሆናል። ለወላጅ ይህ በአንድ በኩል ጸጋ ነው፤ ቀኑን ከሕፃኑ ጋር ይውላል። በሌላ በኩል ግን ይህ ሰው መብራትና ኔትወርክ የሚፈልገው ከተማው ሁሉ ምጣዱንና ቴሌቪዥኑን በሚሰካበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ስለዚህ «መብራት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃውም፤ «ማታ አንድ ሰዓት ላይ አለ ወይ?» ማለት አለበት። አከራዩ ባትሪና ኢንቨርተር ከሌለው ለዚህ ደንበኛ ያቀረበው ቤት ሳይሆን ጣሪያ ብቻ ነው።

ከሰዓቱ የሚከብደው ኔትወርኩ ነው። እዚህ ላይ ነጋዴው ራሱን ባያታልል ይሻላል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። ለሸቀጥ ነጋዴ ኢንተርኔት ቢቋረጥ በስልክ ደውሎ፣ ሰው ልኮ፣ በደብዳቤም ቢሆን ይሠራል። በሩቅ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ግን ኔትወርክ ማለት መሥሪያ ቤቱ፣ ወንበሩና የደመወዝ መዝገቡ ነው። ሦስት ቀን ሲጠፋ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሳምንት ሲጠፋ ይባረራል። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ መግባቱ አንዱ ሲደክም በሌላው ለመሥራት ይረዳል፤ መስመሩ በመንግሥት ትእዛዝ ሲዘጋ ግን ሁለት ሲም ካርድ ይዞ መገኘት ከአንዱ አይሻልም። እንዲህ ያለ መዘጋት የሚያስከትለውን ኪሳራ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ደግሞ የደብረ ብርሃን አከራይ ከየት ያመጣል? የመንገዱ ደኅንነትም እንደዚሁ ነው። ግጭቱ በክልሉ ከተስፋፋ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ሰሜን ሸዋ መንገድ የሚዘጋበትንና ተሽከርካሪ የሚቆምበትን ቀን አይቷል። ለብቻው የሚሄድ ሰው ይደፍር ይሆናል። ሕፃን የታቀፈ ሰው ግን መንገዱ አስተማማኝ መሆኑን በቅርብ ከሚያምነው ሰው ሳይሰማ አይነሳም፤ ባይነሳም አይፈረድበትም።

የሕፃን ጉዞ አደጋ በዚህ አገር አዲስ ታሪክ አይደለም። በሸዋ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ከአንኮበር ወጥቶ ግብፅ ካገባ በኋላ ሚስቱን ይዞ ወደ ሸዋ ለመመለስ ሞክሮ በሩ ተዘጋበት። በ1843 በምፅዋ በኩል ወደ ትግራይ ለመግባት ሲጓዙ ሚስቱ በበረሃ መካከል ያለ ጊዜዋ ወለደች። ልጅቱን «እንባ» ብለው በአማርኛ ሰየሟት፤ ወዲያውም ሞተች። በዓመቱ ሞምባሳ ላይ ሚስቱም ሁለተኛዋ ሕፃንም ሞቱ። ዛሬ መድኃኒቱም መኪናውም ሌላ ነው። ሆኖም ሕፃን የያዘ መንገደኛ የሚጠይቀው ጥያቄ ያው ነው፤ በሩ ክፍት ነው ወይ? ሐኪሙስ ስንት ሰዓት ይርቃል?

በሐኪሙ በኩል ደብረ ብርሃን ከብዙ ከተሞች ትሻላለች። የዩኒቨርሲቲው የአስራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ሆስፒታልም አለ። የአንኮበር ሰው ከባድ ሕመም ሲገጥመው 40 ኪ.ሜ. ያህል መውጣት ግድ ነውና፣ ሕፃን ያለው ቤተሰብ መኖሪያውን ደብረ ብርሃን አድርጎ አንኮበርን በቀን ጉዞ ቢጎበኝ ይመረጣል። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም ሕፃኑ ሲወለድ፣ ከዚያም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ኋላም በ9 ወሩና በ15 ወሩ መከተብ አለበት። ከስድስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የክትባቱ ካርድ በየአራት ሳምንቱ ስለሚጠራ ቤተሰቡ ቢያንስ አንድ ወር አንድ ጤና ጣቢያ አጠገብ መቀመጥ ይመቸዋል። የወር ኪራይ የሚያወጣ ነጋዴ ይህን ካርድ የተመለከተ አይመስልም እንጂ ከማንኛውም የቱሪዝም ብሮሹር የበለጠ ይነግረው ነበር።

ከፍታውም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ ሕፃን ቀጥታ እዚያ ከሚወጣ አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ቀናት ቢያርፍና ሐኪም ቢያየው ይበጃል። ብርዱ ግን ሌላ በረከት አለው። በዚህ ከፍታ ወባ የለም። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ፣ ወይም በዋናው መንገድ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው አጎበሩን መያዝ አለበት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላልና ሕፃን የሚያድርበት ክፍል ማሞቂያ ይፈልጋል። ማሞቂያው መብራት ይበላል፤ መብራቱ ከላይ የተባለውን ባትሪ ይጨርሳል። በክረምት ደግሞ የታጠበ የሽንት ጨርቅ ለሦስት ቀን አይደርቅም። ዳይፐሩ በአብዛኛው ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው የወላጅን ኪስ ያውቃል። በደብረ ብርሃን የልብስ ማድረቂያ ማሽን ያለው የእጥበት ቤት የሚከፍት ሰው ከአምስተኛው ካፌ ባለቤት ቀድሞ ገንዘቡን ይመልሳል ቢባል የሚያከራክር አይደለም። ለክፍሉ የሚለብሰውን ግን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የማያውቅ የኢትዮጵያ ቤት ጥቂት ነው፤ የመንዝ በግ ጠጉር ባናም አለ።

አከራይ ሊሆን የሚፈልግ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር የቤት ኪራዩ ሕግ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። መኖሪያ ቤቱን ለሁለት ወር ለዲያስፖራ አከራይቶ ለሁለት ወር ደግሞ ለሌላ ለመስጠት ያሰበ ሰው ታዲያ እንደ ተራ አከራይ ሳይሆን የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ አውጥቶ ቢገባ ይሻለዋል። ደላላውም ቢሆን «ሰነዱን እንዲሁ እናድርገው» የሚለውን የለመደውን ምክር ቢተው መልካም ነው። የወር ደንበኛ ከሌሊት ደንበኛ የሚለየው ውሉን አንብቦ መፈረሙ ነው።

ለመሆኑ ይህች አገር የሚቆይ እንግዳን አታውቅም ነበር? በሚገባ ታውቃለች። የነገሥታቱ ሠፈር ከቦታ ቦታ በሚዘዋወርበት ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ በተባለበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ከልማዱ ወጥተው፣ በ1468 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉ ድረስ ደብረ ብርሃንን መቀመጫቸው አደረጉ። ከተማ የሆነችው ንጉሡ ስለተቀመጡ ነው። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ወደ ተዘዋዋሪው ሠፈር ሲመለሱ ደግሞ ብርሃኑም ገበያውም አብሮ ተነሳ። ከአራት መቶ ዓመት ያህል በኋላ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበርና አንጎለላ ተመሳሳይ ሥራ ሠሩ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተቀመጠ። በ1842 ጆንስተን የሚባለው ሐኪም አልዩ አምባ፣ ነጋዴው በሚበዛበት የአርብ ገበያ አጠገብ፣ ቤት ይዞ ኖረ። እነዚህ ሰዎች ግን ደንበኞች አልነበሩም። ንጉሡ ድርጎ ይቆርጡላቸው ነበርና እንጀራውም፣ ጠጁም፣ በጉም ከቤተ መንግሥት ይመጣል። እንግዳው ያለ ንጉሡ ፈቃድ አይገባም፤ ያለ ፈቃድም አይወጣም። በ1887 ፈረንሳዊው ራምቦ የጦር መሣሪያ ጭኖ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አላገኛቸውም። መቀመጫው ወደ እንጦጦ ዞሮ ነበርና ተከትሎ ሄዶ ዕቃውን በኪሳራ ሸጠ። አንኮበርም ከዚያ ወዲህ ጎብኚ እንጂ ነዋሪ እንግዳ አላየችም። ኮረብታው፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የታወቀችው በስሟ የምትጠራው ወፍና በቀድሞው ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ የተሠራው ሎጅ ሁሉም የአንድ ቀን ትዕይንት ሆነው ቀሩ።

ስለ ነዋሪ እንግዳ ሲወራ ደብረ ብርሃን ሌሎችም ነዋሪ እንግዶች እንዳሏት ሳይነሳ ማለፍ አይገባም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በከተማይቱ መጠለያዎች ውስጥ ኖረዋል፤ እዚያው በሸራ ሥር ወልደዋል። ዶላር ይዞ የመጣ ቤተሰብ በአንድ ሠፈር ሲበዛ የኪራይ ዋጋ መውጣቱ የገበያ ሕግ ነው። ዋጋው ሲወጣ የሚገፋው ደግሞ መምህሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋና ከመጠለያ ወጥቶ ክፍል ሊከራይ የሚታገለው ተፈናቃይ ነው። ስለዚህ ይህን ደንበኛ የሚፈልግ ባለሀብት የነዋሪውን ቤት ለቅሞ በወር ከማከራየት ይልቅ አዲስ ቢሠራ፣ ወይም ባዶውን የሚያድር የሆቴል ፎቅ ግድግዳ አፍርሶ ኩሽና ቢጨምርበት ለከተማውም ለራሱም ይሻላል። ግማሽ ፎቁ ባዶውን እያደረ «ቱሪስት ጠፋ» የሚል የሆቴል ባለቤት ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ የሕፃን መታጠቢያ ገንዳና በር ያለው የልጅ አልጋ ምን ያህል እንደሚያስወጣው አናጢና ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ቢያስገምት ጉዳት የለውም።

ዛሬ ሁሉንም ፎቅ መለወጥ ሞኝነት ነው። መንገዱና ኔትወርኩ ዓመት ሙሉ ሳይቋረጡ መቆየታቸው ሳይታይ ለዚህ ሥራ ብድር የሚወስድ ሰው ባንኩን እንጂ ራሱን አይጠቅምም። ሁለት ክፍል መለወጥ ግን ሙከራ ነው። ክፍሎቹ ቢፈለጉ በልደትና በጥምቀት መካከል፣ ዲያስፖራው በሚመጣበት ወቅት ይታወቃል፤ ካልተፈለጉም ምድጃው ይሸጣል። ሁለቱ ክፍሎች ከተዘጋጁ በኋላ የሚቀረው ማስታወቂያው ነው። የሸኖ ለጋ ቅቤና የተራራው አየር ደስ ይላሉ፣ ሆኖም እናቲቱ አስቀድማ የምትጠይቀው ሌላ ነው። የባትሪውን የአገልግሎት ሰዓት፣ የውኃ ታንከሩን ሊትርና እስከ ሆስፒታሉ ያለውን የደቂቃ ርቀት በቁጥር የጻፈ አከራይ ቀድሞ ይከራይለታል።